በማይክሮዌቩ ላይ የነበረው ዳንቴል

እኛ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ የሶፋው መደገፊያ ለብሷል፣ ከተበላሸ ዓመታት ያለፉት ሬዲዮ እንኳን እንደ ጤነኛ ለብሶ ይቀመጣል። ሁሉንም የሠራችው እናቴ ናት። ኪሮሿን ይዛ ስትቀመጥ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው፣ ጣቷ ግን አንድም ቀለበት አይስትም። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ለሰው ጋቢ፣ ለዕቃ ዳንቴል እያለ አባቴ ይቀልዳል። ስለዚህ ማይክሮዌቩ ቤታችን በገባ በማግስቱ ዳንቴል ለብሶ ሳገኘው ምንም አልመሰለኝም። እንዲያውም ያን ጊዜ ነው የቤታችን ዕቃ የሆነው።

መጻፍ እንደምችል ያወቅሁት በቅርቡ ነው። የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ክፍል ፊት ካስነበበችኝ ቀን ጀምሮ እጄ አላርፍ ብሏል፤ ያየሁትን ሁሉ ልጽፍ ያምረኛል። ግን የጻፍኩት ነገር ቤታችን ውስጥ ሥራ ሲሠራ ያየሁት በዚህ ማይክሮዌቭ ምክንያት ነውና ከእሱ ልጀምር።

የሰጠችን ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይታ ትኖር የነበረች የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ናት። ዝውውር ደርሷት ዕቃዋን ስታስጭን መኪናው ሞላ። ሾፌሩ ማይክሮዌቩን አየና ራሱን ነቀነቀ። እሷም አንስታ እኔን አሸከመችኝ። ባለግሪል ስለሆነ ከማሞቅ አልፎ እንደሚጠብስ፣ የመመሪያው መጽሐፍ ውስጡ እንዳለ፣ ሳላነብ እንዳልነካው ነገረችኝና መኪናው ውስጥ ገባች። ክንዴ እስኪዝል ድረስ እዚያው ቆሜ ሸኘኋት። መሬት ላይ ባወርደው የሚወስዱብኝ መስሎኝ ነበር።

ለምን እንደፈለግሁት ልናገር። አባቴ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ የጠዋት ፈረቃ ሲደርሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ርቦት ይመጣል። በዚያ ሰዓት ምሳው ቀዝቅዟል። እኛ አገር ደግሞ ወጥ ሲቀዘቅዝ ዝም ብሎ አይቀዘቅዝም፣ ይረጋል። ስቶቫችን ከተበላሸ ስለከረመ እናቴ ለሁለት ጭልፋ ወጥ ብላ ከሰል ታቀጣጥላለች። በሩን እንዳትከፍተው ነፋሱ አያስቀምጥም፤ ዘግታ ታራግባለች። ከዚያ ሳሉ ይጀምራል። ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ ከጭስ ራቂ ብላት ነበር። እናቴም እሺ ብላ መጥታ በማግስቱ አራገበች። ማራገቢያውን ልቀማት ስሞክር አባትሽ የረጋ ወጥ ይብላ ነው የምትዪው ትለኛለች፤ ለዚህ ደግሞ መልስ የለኝም። እንግዲህ ማይክሮዌቩን ሳቅፈው በልቤ የማቅፈው መልሱን ነበር።

ግን መመሪያውን አላነበብኩም። እውነቱን መናገር ይሻላል፤ አስተማሪዋ ሳታነቢ አትንኪው ብላኝ እያለ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወጥ በሸክላ ሳህን ብቻ እያሞቅሁ የማውቀው መሰለኝ። ሁሉም ደህና ነበር። ታዲያ አንድ ቅዳሜ እናቴ ለቅሶ ቤት ሄዳ ብቻዬን ቀረሁ። ስትመለስ የተጠበሰ ዳቦ ላስደንቃት አስቤ ዳቦ ቆራረጥኩ፣ አብሮት የመጣውን ባለእግር የሽቦ መደርደሪያ አስገባሁ፣ የግሪሉን ምልክት ተጫንኩና አሥር ደቂቃ ሞላሁለት። ከዚያ ደብተሬን ይዤ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። የዳቦ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ጨርቅ የተቃጠለ የሚመስል ሽታ መጣ።

ስገባ ዳንቴሉ ይጨሳል። ከላይ መሀሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ቡና መስሏል፤ በጎን በኩል ተንዘርፍፎ የማይክሮዌቩን የአየር ቀዳዳዎች የሸፈነው ጫፍ ደግሞ ጠቁሯል። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ዳንቴሉን ጎትቼ ሲሚንቶው ላይ ጣልኩና በጫማዬ ረገጥኩት። በእግሬ ስደበድበው እናቴ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ያ ዳንቴል ሌላ ዳንቴል ቢሆን ጥሩ ነበር። ግን የመጀመሪያዋ ነው፤ ልጅ ሳለች ደብረ ሲና ታላቅ እህቷ ኪሮሽ ሲያስተምሯት የሠራችው። እነዚያን የተጣመሙ የልጅ እጅ አበቦች ሌላ ምንም ዳንቴል ላይ አታገኟቸውም። እናቴ አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ አራገፈችው፣ ተቃጥሎ በተቀደደው ቦታ ጣቷን አሳልፋ አየችው።

«እሳቱ የት እንዳለ አይታይም» አለች። «የማይታይ እሳት ቤቴ አያድርም።»

ወዲያው ለዚያችው ታላቅ እህቷ፣ ለአክስቴ፣ ደወለችላቸው። አክስቴን ቤተሰቡ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው፤ ደብረ ሲና መናኸሪያው አጠገብ ለመንገደኛ ቆሎ ይሸጣሉ። እናቴ በስልክ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ መጥተው ይህን ሳጥን እንዲወስዱላት ለመነቻቸው። ማይክሮዌቭ ማለት ትታ ሳጥን ማለት የጀመረችው ከዚያ ቀን ነው።

ያን ቀን አለቀስኩ ብል ያምር ይሆናል፤ ግን አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። በራሴ ነበር የተናደድኩት። የማይታይ ከሆነ እንዲታይ አደርገዋለሁ አልኩ። አባቴ ሲመጣ በር ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኩት። አባቴ ሽማግልና ይወዳል፤ እናቴ ዘንድ ገባና ሲወጣ ውሉን ይዞ ወጣ። እስከ እሑድ ልሞክር ተፈቅዶልኛል፤ ግን እሱ ከሥራ ከገባ በኋላ ብቻ፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ ብቻ። ቆሞ ሲል ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ግን የፈረቃ ልብሱን ሳይቀይር፣ እንደ ፋብሪካው የጥበቃ ሠራተኛ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመልኝ።

መመሪያው በአረብኛ፣ በቻይንኛና በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እያገዝኩ፣ ያልገባኝን ለእንግሊዝኛ አስተማሪያችን በእረፍት ሰዓት እየወሰድኩ ቀን በቀን አነበብኩት። አስተማሪው ከክፍላችሁ ውስጥ መጽሐፍ አምጥታ የጠየቀችኝ አንቺ ብቻ ነሽ፣ እሱም የማይክሮዌቭ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። የገባኝን ሁሉ ማታ ማታ በአማርኛ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ስጽፈው ነው ይበልጥ የሚገባኝ፤ እንግሊዝኛው ሲነበብ የገባኝ ይመስለኝና በአማርኛ ላስቀምጠው ስል ምንም እንዳልገባኝ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ያጣራሁት ዕቃ ነው። ብረት እንደማይገባ አውቄ ነበር፤ ግን ብረቱ የትኛው ነው? የእኛ ቤት ሳህን ግማሹ ከላይ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ጠርዙ ሰማያዊ፣ አበባ ያለበት ነው፤ ሸክላ ነው ብትሉት ሸክላ ይመስላል። ከሞተው ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ላይ ማግኔት ፈታሁና ሳህን በሳህን ዞርኩ። ቀለም የተቀባው ሁሉ ማግኔቱን ልጥፍ አድርጎ ያዘ። አባቴ ሚስቴ ይህን ሁሉ ዓመት በብረት ነው የምታበላኝ እያለ ሳቀ። ማግኔት የማይይዘው ሁሉም ደህና አይደለም፤ ብርጭቆዎቻችን ወርቃማ ቅብ ጠርዝ አላቸው፣ እሱም ብልጭታ ያመጣል። የቀሩትን ደግሞ በመመሪያው ዘዴ ፈተንኳቸው። ባዶውን ሳህን ውኃ ከሞላ ስኒ አጠገብ አስገብቼ አንድ ደቂቃ፤ ውኃው ሞቆ ሳህኑ ከቀዘቀዘ አለፈ፤ ሳህኑ ከፈጀ ወደቀ። ስኒው ውኃ ይዞ የሚገባው ባዶውን ማሠራት ክልክል ስለሆነ ነው። አምስት ሳህን አለፈ። እናቴ ከጓዳ ሆና ስንት ወደቀ ብላ ጠየቀች። መጠየቋ ደስ አለኝ፤ ፈተናውን እየተከታተለች ነው ማለት ነው።

ድንች የፈነዳ ዕለት ግን አልጠየቀችም። ከሰላ ድንጋይ ገበያ የመጣ የሚያምር ድንች ነበር፤ ልጣጩን በሹካ ሳልወጋ አስገባሁት። ጧ አለ። አባቴ ከቆመበት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልሄድኩም ይላል። በሩን ስከፍት ድንቹ የማይክሮዌቩ የውስጥ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ጣሪያው ላይ ያለውን የግሪል ብረት በእርጥብ ጨርቅ ለመጥረግ እስኪበርድ ድረስ ተቀምጬ ጠበቅሁ። በሙቁ መጥረግ አይቻልም፤ የተረፈ ቅባት ካልተጠረገ ደግሞ በሚቀጥለው ቀን ይጨሳል። ዕንቁላል ከነቅርፊቱ የባሰ እንደሚፈነዳ ያን ዕለት አነበብኩ። እሱን አልሞከርኩም፤ አምኛለሁ።

ሽሮም አስተምሮኛል። ጠርዙ ፍል ፍል ሲል መሀሉ በረዶ ነበር። ለካ አጋማሽ ላይ አውጥቶ ማማሰል፣ ከዚያ መልሶ ማሞቅ፣ ሲያልቅም ሙቀቱ እንዲዳረስ ትንሽ ማቆየት ያስፈልገዋል። አንድ ቀን ደግሞ መብራት ሄደ፤ ሲመለስ ኃይሉ ተወርውሮ ዕቃ እንደሚያቃጥል አባቴ ስለሚያውቅ ሶኬቱን ንቀይ አለኝ። እሱ መመሪያው ላይ የለም። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች የእኛን ሰፈር መብራት አያውቁትምና እኔ ጨመርኩበት።

ማክሰኞ ላይ ግን የማልፈልገውን ገጽ አገኘሁ። ሥዕል ነበረው። ማይክሮዌቭ፣ ከላዩ ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ ትልቅ ኤክስ። ከሥሩ ያለውን መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ ገባኝ። ግሪል ሲሠራ አካሉ ይግላል፣ በቀዳዳዎቹ በኩል ሙቅ አየር ይወጣል፤ ስለዚህ ከላይ ስንዝር ያህል ክፍት ይተዋል፣ ምንም ነገር አይለብስም። ዳንቴሉን ያቃጠለው የማይታየው እሳት አልነበረም። ማይክሮዌቩን ያፈነው ዳንቴሉ ነበር።

ይህን ለእናቴ እንዴት እነግራታለሁ? ግሪሉን የተጫንኩት እኔ ነኝ፤ ሳላነብ የነካሁት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ሄጄ፣ እማዬ ጥፋቱ የዳንቴሉ ነው ብላት፣ ያለበሰችው እሷ ናት። ያውም የመጀመሪያዋን ዳንቴል አቃጥዬባት። መጽሐፉን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ እንደተውኩት ወጥቼ ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ ሳልናገር እጠነቀቃለሁ አልኩ። ለነገሩ አሁን ከላዩ ምንም የለም፤ የተቃጠለው ዳንቴል ታጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቷል።

ቅዳሜ ደብተሬ ላይ የተጻፈውን ሁሉ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ገለበጥኩ። እናቴ እንድታነበው ስለሆነ ያሰብኩት እንደ መጽሐፍ ሳይሆን እንደ እሷ አነጋገር ጻፍኩት። «ብረት እንዳታስገቢ፤ ማግኔት ያልያዘውን ምረጪ» ይላል። «ፕላስቲክ ግሪል አያውቅም፤ ይቀልጣል» ይላል። «ባለእግሩ ሽቦ ለግሪልና ግሪሉ ከማሞቂያው ጋር አብሮ ለሚሠራበት ለጥምሩ ነው፤ ወጥ ስታሞቂ አውጪው» ይላል። «ከኤሌክትሪክ ምጣዱ ጋር በአንድ ዲቫይደር አትሰኪው፤ ሁለቱም ኃይለኛ ናቸው፤ አይስማሙም።» «ውስጡ ጭስ ካየሽ በሩን እንዳትከፍቺ፤ አየር ካላገኘ ራሱ ይጠፋል። አጥፊው፣ ንቀይው፣ ጠብቂው።» ስለ ዳንቴል ምንም የለም። ወረቀቱን ከማይክሮዌቩ በስተቀኝ ራቅ አድርጌ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ቆሜ ሳየው ደስ አለኝ፤ ግን አንድ ጥርሱ የጎደለ ሰው ሲስቅ ይመስል ነበር።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ማይክሮዌቩ ለብሷል።

የቴሌቪዥኑ ዳንቴል ነው። እናቴ ቤቱን ለእንግዳ እያሰናዳች ከዚያ አውልቃ እዚህ አልብሳዋለች። ወጣ ስትል አነሳሁና በቦታው መለስኩት። ውኃ ቀድቼ ስገባ እንደገና ማይክሮዌቩ ላይ ነው። እንደገና አነሳሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስታለብሰው ዓይን ለዓይን ተያየን። አባቴ ቴሌቪዥኑ ዛሬ ብርድ ሊመታው ነው አለ።

እትዬ አምስት ሰዓት ገደማ ገቡ። ከደብረ ሲና ዋሻውን አልፈው ሲመጡ ሁልጊዜ እንደሚሉት ይህን ብርድ ችላችሁ የምትኖሩት ሰው ናችሁ ወይ ብለው፣ አገላብጠው ሳሙን፣ ቆሏቸውን አወጡ። ጫማቸውን ሳያወልቁ ማይክሮዌቩ ፊት ሄደው ቆሙ። ለካ እሳቸውም እንደኔ ሐሳብ ኖሯቸዋል። ገብስ ሲቆሉ ጭሱ ዓይናቸውን ስለጨረሰው በዚህ ሊቆሉበት ነው።

እዚህ ላይ መዋሸት አላስፈለገኝም፤ እውነቱ ራሱ ለእኔ ያደላል። ማይክሮዌቭ የሚያሞቀው በምግቡ ውስጥ ያለውን ውኃ ነው፣ ደረቅ ገብስ ደግሞ ውኃ የለውም፤ ባዶውን እንደማሠራት ነው፣ ገብሱም እኩል ሳይቆላ ከውስጥ ያርራል አልኳቸው። እትዬ ዞር ብለው እናቴን አዩ።

«ታዲያ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ያን ሁሉ አቀበት ወጥቼ የሳህን መደርደሪያ ተሸክሜ ልመለስ?»

«ለእርስዎ ካልሆነም ለሌላ ይሰጣል፣ እትዬ» አለች እናቴ። «እዚህ ግን አያድርም።»

እትዬን ባሳምን እንኳን ፈራጇ እሳቸው አልነበሩም። ምሳ ልሥራ አልኩ፣ በቃ ምሳ ልሥራና ከዚያ ውሰዱት። ማንም እንቢ ሳይለኝ ድንቼን አወጣሁ።

ለሁለት የተከፈለ ድንች ነው፤ ልጣጩን በሹካ ወግቼዋለሁ፣ ዘይትና አዋዜ ቀብቼዋለሁ። በሙቀት የማይሰነጠቀው የብርጭቆ ሳህን ላይ ደረደርኩ፣ ባለእግሩ ሽቦ ላይ አስቀመጥኩ። ጥምሩን ልመርጥ ነው፤ ማይክሮዌቩ ውስጡን ያበስላል፣ ግሪሉ ላዩን ያቀላል፣ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ነው የዚህ ዕቃ ጥበብ የሚታየው። በሩን ዘጋሁ። ጣቴን ወደ ቁልፉ ሳደርስ ዳንቴሉ ከላይ ተንጠልጥሎ ያየኛል።

ብጫን፣ ዳንቴሉ እንደገና ይቃጠላል፤ ያኔ ማይክሮዌቩ ዛሬውኑ ይወጣል። ባነሳው፣ እናቴን በታላቅ እህቷ ፊት አሳፍራለሁ። ሆኖም ዳንቴሉን በሁለት እጄ አነሳሁና አጣጥፌ አባቴ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩት።

«ምነው ልጄ?» አሉ እትዬ። «ሲለብስ ያምርበታል እኮ።»

«ሲሠራ ይግላል፣ እትዬ። አየር ካላገኘ የለበሰው ይቃጠላል።»

«ወረቀትሽ ላይ አለ ይሄ?» መነጽራቸውን ረስተው ስለመጡ ግድግዳው ላይ ያለውን አያነቡትም። አንብቢልኝ አሉኝ። አነበብኩላቸው። ከላይ እስከ ታች፣ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ፣ ክፍል ፊት ድርሰቴን እንዳነበብኩት አነበብኩ። እትዬ በእያንዳንዱ ላይ እህ እያሉ ይሰማሉ፤ ፕላስቲክ ግሪል አያውቅም የሚለው ላይ ሳቁ። ሲያልቅ ግን በጣታቸው ወደ ወረቀቱ ጠቆሙ።

«የልብሱ የታለ? ዋናው እሱ አይደለም እንዴ? አንዱን ያቃጠለው እሱ ከሆነ ለምን አልጻፍሽውም?»

እናቴ ከጓዳው በር ላይ ሆና ነው የመለሰችው።

«እኔን እንዳይነካኝ ብላ ነው» አለች። «ያለበስኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሥዕሉን አይቼዋለሁ። መጽሐፉን ከፍተሽ ሄደሽ አልነበር? ፈረንጅኛው ባይገባኝ ኤክስ አይጠፋኝም።»

ማክሰኞ ያየችውን እስከ እሑድ ይዛ ቆይታለች ማለት ነው። ታዲያ ዛሬ ለምን ሦስት ጊዜ አለበሽው ብዬ ጠየቅኋት፤ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«እና እንግዳ ሲመጣ ራቁቱን ይቀመጥ?» አለችኝ።

መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው፤ ከዚያ እትዬ፤ ከዚያ እናቴ ራሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ሳቋ ሲያበቃ ወረቀቱን በአገጯ አሳየችኝና ጻፊው አለች። ብዕሬን አወጣሁ። ምን ብዬ ልጻፍ ስላት አሰበች። በመጨረሻ የተናገረችውን ቃል በቃል፣ ከሥር በትልቁ ጻፍኩት፤ «በላዩ ላይ ምንም አይደረግም፤ ዳንቴልም ቢሆን።» ከዚያ በኋላ ነው ቁልፉን የተጫንኩት።

አጋማሽ ላይ አቁሜ በወፍራም ጨርቅ ሳህኑን አወጣሁ፤ በሩም ሳህኑም ሽቦውም ያቃጥላል። ድንቾቹን ሳገላብጥ እትዬ አጠገቤ ቆመው፣ ያልተገላበጠ ያርራል አሉ፤ ቆሎ በመቁላት የታሸ እጃቸው እንደ እኔ ለማገላበጥ ሲያሳክካቸው ይታያል። ሲያልቅ ላዩ ቀልቶ፣ ውስጡ እንደ ጥጥ ለስልሶ ወጣ። እናቴ አንዱን ሰንጥቃ እንፋሎቱን ስታይ ቆየች። ክፍሉ ውስጥ ጭስ አልነበረም። እሷም አልሳለችም። ይህን ያስተዋልኩት እኔ ብቻ አልመሰለኝም፤ አባቴም ድንቹን ትቶ እሷን ያይ ነበር።

ስለ መውሰድ ያነሳ ሰው አልነበረም። እትዬ ሊሄዱ ሲነሱ ግን ባዶ እጄን አልሄድም አሉና እናቴን የተቃጠለውን ዳንቴል አምጪልኝ አሏት። ከቁም ሣጥን አወጣችላቸው። ደጃፉ ላይ ለብርሃን ዘርግተው አዩት፣ የተጣመሙትን አበቦች በጣታቸው ነካኩ፣ ያኔም ቸኩለሽ ነበር አሏት። መሀሉን ፈትተው እንደ አዲስ ይሠሩታል፤ ክሩ ግን አንድ ዓይነት እንደማይሆን፣ ነጩ ከነጩ እንደሚለይ አስቀድመው ተናገሩ። ይለይ አለች እናቴ። ማይክሮዌቭ ሊወስዱ የመጡት አክስቴ ዳንቴሉን ከቆሎው ከረጢት ጋር ይዘው መናኸሪያ ሄዱ።

በማግስቱ ሰኞ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል፤ እናቴ ወረቀቱ ፊት ቆማለች። ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች ድምፅ አውጥታ ታነባለች። ሳልገባ በር ላይ ቆሜ ሰማኋት። የጻፍኩትን ሰው ሲታዘዝ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሽቦውን አወጣች። ፈተናውን ካለፉት አምስት ሳህኖች አንዱን መረጠች። ወጡን አጋማሽ ላይ አማሰለችው። የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ቀና ብላ የማይክሮዌቩን ባዶ አናት አየች፤ ራቁትነቱን ገና አልለመደችውም፤ ግን እጇን ሰበሰበች።

አባቴ ገባ፤ ቁጭ ብሎ እንጀራውን ቆረሰ፣ ከወጡ እንፋሎት ይወጣል። ከሰል ማንደጃው ጥግ ላይ ተደፍቶ አየው።

«ዛሬ ማን አራገበ?» አለ።

«ማንም» አለችው እናቴ።